የውሃ ታሪፍ ፍትሐዊ የሚሆነው መቼ ነው? በብዛት የሚሳቱ ነገሮች

የውሃ፣ የፍሳሽ ወይም የቆሻሻ ክፍያ ጨመረ በተባለ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። ማዘጋጃ ቤቱ ዘረፈን የሚል አለ፣ ሁሉም እኩል ይክፈል የሚል አለ፣ በነጻ ይሁን የሚልም አይጠፋም። ንዴቱ ይገባኛል። ግን ጭቅጭቁ ሌላ ሌላው ላይ ሲውል፣ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ታሪፉ ይጸድቃል።

«ሁሉም እኩል ከከፈለ ፍትሐዊ ነው።» አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛና ቀኑን ሙሉ መኪና የሚያጥብ ላቫጆ አንድ አይነት ቢል ከደረሳቸው፣ ጡረተኛው የላቫጆውን እየከፈሉ ነው። መርሁ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ደንበኛ አገልግሎቱ ላይ ያስከተለውን ወጪ ይክፈል።

«ካልተጠቀምኩ ለምን እከፍላለሁ?» ቱቦው፣ ፓምፑ፣ ማጣሪያውና የሠራተኛው ደሞዝ ቧንቧ ከፈታችሁም አልከፈታችሁም ወጪ አላቸው። የውሃ አገልግሎት አብዛኛው ወጪ እንዲህ ያለ ቋሚ ወጪ ነው። ስለዚህ ቋሚ ክፍያ መኖሩ ብቻውን በደል አይደለም። ሲበዛ ግን ይበድላል፤ ትንሽ የሚጠቀመው ሰው በሜትር ኪዩብ ሲሰላ ከሁሉም በላይ ይከፍላል፣ ቢቆጥብም ቢሉ እምብዛም አይቀንስለትም።

«ብዙ የተጠቀመ በውድ ይክፈል፣ ድሃው ይጠቀማል።» እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። እስቲ እናስላው። ታሪፉ ሁለት የዋጋ ደረጃ አለው፦ እስከ 10 ድረስ እያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ 1 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው 3 ብር ነው እንበል። በወር 8 የሚጠቀም ባለ ቆጣሪ ቤተሰብ 8 ይከፍላል። አሁን እያንዳንዳቸው 8 የሚጠቀሙ አራት ቤተሰቦች አንድ ቆጣሪ ይጋሩ። ቆጣሪው የሚያነበው 32 ነው። የመጀመሪያው 10 በ1፣ የቀረው 22 በ3 ሲታሰብ ድምሩ 76 ይመጣል፣ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 19። ለብቻው ቆጣሪ ኖሮት አትክልቱን እያጠጣ 13 የሚጨርሰው ጎረቤትስ? እሱም 19 ነው የሚከፍለው! ቆጣሪ የሚጋራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከራይና አቅመ ደካማ ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ደረጃውን በቆጣሪ ሳይሆን ቆጣሪውን በሚጋሩት ቤተሰቦች ቁጥር ማስላት ነው። የደረጃው ዋጋም በግምት የሚቀመጥ አይደለም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ከተማን ታሪፍ ውድቅ ያደረገው፣ ከተማዋ የእያንዳንዱ ደረጃ ዋጋ ከወጪው ጋር እንደሚገናኝ ስላላሳየች ነው። ደረጃ ማውጣት ክልክል ነው አላለም።

«ትርፍ ቢኖረውስ፣ ገንዘቡ ያው ለከተማው ነው።» እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ያረጀ ቱቦ ለመቀየር የሚቀመጥ መጠባበቂያ ተገቢ ነው፤ ዛሬ ካልተቀመጠ ልጆቻችን በአንድ ጊዜ ይከፍሉታል። የውሃው ገንዘብ ለሌላ ሥራ ከዋለ ግን የአገልግሎት ክፍያ መሆኑ ቀርቶ ስሙን የቀየረ ግብር ሆኗል፣ ያውም ድሃው ከገቢው አንጻር የበለጠ የሚሸከመው። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የላንሲንግ ከተማን የዝናብ ውሃ ማስወገጃ ክፍያ የሻረው፣ ይሄ ክፍያ ሳይሆን ግብር ነው ብሎ ነው።

«ታሪፉ ዝቅ ካለ ድሃ ይረዳል።» ቧንቧ ያለውን ይረዳል። መስመር ያልገባለት ሰው ከሻጭ በብዙ እጥፍ ነው የሚገዛው፣ የታሪፉ ድጎማ እሱ ጋ አይደርስም። አንዳንዴ ከታሪፉ ይልቅ የማስገቢያውን ክፍያ መቀነስ ወይም በየወሩ ተከፋፍሎ እንዲከፈል ማድረግ የበለጠ ይጠቅመዋል። የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ነዋሪዎች ቢላቸው በገቢያቸው ልክ እንዲታሰብላቸው የሚያመለክቱበት አሠራር አላት።

«ስሌቱ የባለሙያ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን?» ይሄኛው ብዙ ያስከፍላል። ለመጠየቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፦ የትኛው የደንበኛ ዓይነት በሜትር ኪዩብ ስንት ይከፍላል? ከተመረተው ውሃ ስንቱ በየመንገዱ ፈሶ ይቀራል? የተረፈው ገንዘብ የት ገባ? ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችው ሕግ መሠረት የውሃ ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ማስታወቂያ በፖስታ ይላካል፣ ቢያንስ ከ45 ቀን በኋላ ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ይጠራል፣ ከሚመለከታቸው አብዛኞቹ በጽሑፍ ከተቃወሙ ጭማሪው ይቀራል።