በኦዱ ውስጥ አባሪ ፋይሎች የት ይቀመጣሉ?

ኦዱ ሽያጭን፣ ግዢን፣ ሒሳብንና መጋዘንን በአንድ ላይ የሚይዝ የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ቤልጂየማዊው ፋቢያን ፒንካርስ እ.ኤ.አ. በ2005 ታይኒ ኢአርፒ ብሎ ጀመረው። ቀጥሎ ኦፕን ኢአርፒ ተባለ፤ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ኦዱ። የነጻው (ኮሚዩኒቲ) ስሪቱ ኮድ ክፍት ስለሆነ ብዙ ድርጅት በራሱ ሰርቨር ላይ ይጭነዋል። በራሱ ሰርቨር የጫነ ድርጅት አባሪ ፋይሎቹንም ራሱ መጠበቅ አለበት።

አንድ ፋይል ከሰነድ ጋር ሲያያዝ (አታች ሲደረግ) መረጃው ለሁለት ይከፈላል። ስሙ፣ ዓይነቱ፣ መጠኑ፣ ያስገባው ሰውና የተያያዘበት ሰነድ በፖስትግሬስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ይመዘገባሉ። ፋይሉ ራሱ ግን የሰርቨሩ ዲስክ ላይ፣ ፋይልስቶር በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሁሉንም ዳታቤዙ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ዳታቤዙ ያለልክ ያብጣል፣ ባክአፑም ይንቀራፈፋል። አልመክረውም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ «የሐምሌ ኪራይ ደረሰኝ» የሚል ፒዲኤፍ አስገባች እንበል። ኦዱ የፋይሉን ይዘት አንብቦ ኤስኤችኤ-1 በሚባለው ስሌት ባለ 40 ፊደልና ቁጥር መለያ ያወጣለታል። ዲስኩ ላይ ፋይሉ የሚጠራው በዚሁ መለያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች የንዑስ ፎልደሩ ስም ይሆናሉ። ስለዚህ ፎልደሩን ከፍቶ ደረሰኙን በስሙ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ስሙን የሚያውቀው ዳታቤዙ ብቻ ነው። ፋይሎቻችንን በአማርኛ ለምንሰይም ሰዎች ይሄ ጥሩ ዜና ነው፤ ፎልደሩ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲገለበጥ የሚበላሽ የግዕዝ ስም የለም።

መለያው ከይዘቱ ስለሚወጣ፣ ይዘታቸው አንድ የሆነ ፋይሎች ዲስክ ላይ አንዴ ብቻ ይቀመጣሉ። ኢሜይል በመጣ ቁጥር ከፊርማው ሥር ተለጥፎ የሚገባው የድርጅት አርማ ምስሉ ካልተቀየረ ተጨማሪ ቦታ አይወስድም። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው መዝገብ ግን በየጊዜው ይጨምራል።

አባሪው ሲሰረዝም ፋይሉ ወዲያው አይጠፋም። መጀመሪያ መዝገቡ ይሰረዛል። ከዚያ በየቀኑ የሚሠራው የጽዳት ሥራ ሌላ መዝገብ ፋይሉን ይጠቀምበት እንደሆነ ያጣራል፤ ከሌለ ብቻ ያጠፋዋል። ዲስክ ሞላ ብሎ በእጅ ከፋይልስቶር ፋይል መሰረዝ ትልቅ አደጋ ነው። አንዷን ፋይል አሥር ሰነዶች ሊጋሯት ይችላሉ።

ብዙ ድርጅት የሚጎዳው ባክአፕ ላይ ነው። የኦዱ የዳታቤዝ ማስተዳደሪያ ገጽ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። አንዱ ዚፕ የሚባል የታመቀ ፋይል ነው፤ ዳታቤዙንም ፋይልስቶሩንም ይይዛል። ሌላው ዳታቤዙን ብቻ ነው፤ ቀለል ስለሚል ሰው ይመርጠዋል። ሰርቨሩ የተበላሸ ቀን ያ ባክአፕ ሲመለስ ደንበኞቹ አሉ፣ ሒሳቡ አለ፣ የአባሪዎቹ ስምም ተዘርዝሯል። ሲነኩ ግን አይከፈቱም። ገጹ ራሱ ቅርጹን አጥቶ ሊታይ ይችላል፤ ኦዱ የገጾቹን የስታይልና የጃቫስክሪፕት ፋይሎችም እንደ አባሪ ስለሚያስቀምጥ። እነዚህን እንደገና ማመንጨት ይቻላል። የተፈረመውን ውልና የአቅራቢውን ደረሰኝ ግን ሌላ ኮፒ ከሌለ ማንም አይመልሳቸውም።

ባክአፑን ራሱ በጻፈው ስክሪፕት (አጭር የትእዛዝ ፕሮግራም) የሚወስድ ሰው ቅደም ተከተሉን ይጠንቀቅ፦ መጀመሪያ ዳታቤዙ፣ ከዚያ ፋይልስቶሩ። በመሃል አዲስ ፋይል ቢገባ ትርፍ ፋይል ከመሆን ያለፈ ችግር አያመጣም። በተገላቢጦሽ ከሆነ ግን ፋይል የሌለው መዝገብ ይፈጠራል።

አንዳንዴ ፋይሉ ጭራሽ አልገባም ይላል። ኦዱ በራሱ እስከ 128 ሜጋባይት ይቀበላል። ከፊቱ ቆሞ ጥያቄዎችን የሚያስተላልፍለት ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር ግን ካልተነካ የሚያሳልፈው 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። የኤንጂንኤክሱን ገደብ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ኦዱ በብዙ ሰርቨር ላይ ሲሠራ ሁሉም አንድ ፋይልስቶር ማየት አለባቸው፤ ለዚህ የጋራ የኔትወርክ ዲስክ ይጠቀማሉ። ከስሪት 18 ጀምሮ ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆኑ፣ በመልእክት የሚያያዙ ፋይሎችን ወደ ጉግል ወይም ወደ ማይክሮሶፍት አዙር ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ የኪራይ ማከማቻ) መላክ ይቻላል። ዲስኩን በእጅጉ ያቀልላል። ነገር ግን ወደዚያ የሄዱት ፋይሎች ዚፑ ውስጥ አይገቡም፤ ለእነሱ ለብቻቸው ባክአፕ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።