የአሮጌ መኪና መስታወት አልወጣ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ክረምት ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ የኮሮላዬ የሹፌር በኩል መስታወት ግማሽ ላይ ቀረ። ዝናቡ ደግሞ የጅማ ዝናብ ነው፤ አንዴ ከጀመረ አይለቅም። ከተማ እስክገባ ግራ እጅጌዬ ሊጨመቅ ደረሰ። በማግስቱ በሩ ሳይፈታ፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መፈተሻ) ሳይነካው፣ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ተባልኩ። ያገለገለ የመስታወት ሞተር ገዛሁ፤ ተገጠመ። መስታወቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ በኋላ ሰው ስለ መኪና መስታወት ሲያወራ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ያው የተሳሳተ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እሰማለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ሞቷል»

ሞተሩ የመንገዱ መጨረሻ ነው። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነስቶ፣ በፊውዝና በስዊች አልፎ፣ በበሩ ማጠፊያ በኩል በሚገባው ሽቦ ነው እሱ ጋ የሚደርሰው። ከእነዚህ አንዱ ከተቋረጠ ጤነኛ ሞተርም ዝም ይላል።

መሣሪያ የሌለው ሰውም የሚችለው ምርመራ አለ። ሲመሽ መኪናውን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ፤ የውስጥ መብራቱን አብሩና ስዊቹን ተጫኑ። መብራቱ ትንሽ ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋ እየደረሰ ነው፤ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ፊውዙን፣ ስዊቹንና ሽቦውን ጠርጥሩ። የሞተሩ ካርቦን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው ቁራጭ፣ አልቆም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ስዊቹን እንደያዛችሁ በሩን ሞተሩ ባለበት በኩል በመዳፍ መታ መታ አድርጉት። ከነቃ ብዙውን ጊዜ ካርቦኑ ነው።

በሩ ከተፈታ ደግሞ የአምፖል ቴስተር ሞተሩ ላይ በሚሰካው ሶኬት ሁለት ሽቦዎች መካከል ይደረግ። ስዊቹ ወደ ላይም ወደ ታችም ሲጫን አምፖሉ ሊበራ ይገባል። በሁለቱም ከበራ፣ ሞተሩ ተሰክቶም ዝም ካለ፣ ያኔ ሞተር ግዙ። በአንዱ ብቻ ከበራ አብዛኛውን ጊዜ ስዊቹ ነው። እኔ ከዲጂታል መልቲሜትር ይልቅ አምፖሉን እመርጣለሁ። አንድ ቀጭን ክር ብቻ የቀረው ሽቦ መልቲሜትር ላይ 12 ቮልት ያሳያል፤ ሞተር ማንቀሳቀስ ግን አይችልም። አምፖል እውነተኛ ጭነት ስለሆነ እንዲህ ያለው ሽቦ ላይ ፈዞ ሊያጋልጠው ይችላል።

«ሽቦ ዝም ብሎ አይበጠስም»

ይበጠሳል። የኔም እሱ ነበር። በሩና የመኪናው አካል መካከል እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ጎማ አለ፤ ሽቦዎቹ የሚያልፉት በውስጡ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። የሹፌር በር ደግሞ ከሁሉም በላይ ይከፈታል።

መጨረሻ ላይ የያዘልኝ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ በሩን ቀስ እያሉ ይክፈቱልኝ፣ እኔ ስዊቹን ልጫን» አለኝ። በሩ ግማሽ ሲደርስ መስታወቱ ወጣ። ስዘጋው ሞተ። ጎማውን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ሳብ አደረጋቸው። አንደኛው እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። ከላይ ሲታይ ምንም የለውም፤ ውስጡ ግን መዳቡ ተበጥሶ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል። አዲስ ለስላሳ ሽቦ ቀጠለበት። መጋጠሚያውንም ከሚታጠፈው ቦታ አርቆ በየደውና በናስትሮ ጠቀለለው። የገዛሁት ሞተር እስካሁን ቤት ተቀምጧል።

«ፊውዙ ከተቃጠለ ተለቅ ያለ ይግባለት»

ይህንን እባካችሁ አታድርጉ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። የ20 አምፔር ቦታ ላይ 30 ካስገባችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከፊውዙ በፊት ሽቦው ይግላል፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ የተላጠ ሽቦ ወይም መዞር ያቃተው ሞተር እንዳለ እየነገራችሁ ነው።

«የተሳፋሪ መስታወት ካልሠራ ችግሩ እዚያው በር ላይ ነው»

በብዙ መኪና የተሳፋሪው ስዊች መስመር የሚያልፈው በሹፌሩ ዋና ስዊች ውስጥ ነው። እዚያ ያለው መገናኛ ከቆሸሸ የሌላው በር ይሞታል። ከሁሉ በፊት ግን የሹፌሩ በር ላይ ያለውን የመስኮት መቆለፊያ ቁልፍ እዩ። ልጆች ነክተውት ሊሆን ይችላል።

«ድምፅ ካለ ግን መስታወቱ ካልሄደ ሞተሩ ተበላሽቷል»

ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሞተሩ እየዞረ ነው። የተበጠሰው መስታወቱን የሚስበው የብረት ገመድ ነው፤ አለዚያም መስታወቱን የሚይዘው ፕላስቲክ ተሰብሯል። እንዲህ ሲሆን መስታወቱን በእጅ ወደ ላይ ስባችሁ በወፍራም ፕላስተር ከበሩ ክፈፍ ጋር ያዙት። በሩ ሲፈታ ጣት አታስገቡ፤ ማንሻው ድንገት ሊለቅ ይችላል።

«ቀስ ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ካልሆነም ዘይት ይቀባ»

አንዱ ብቻ ቀስ ካለ ባትሪውን ተዉት። ሁሉም ከዘገዩ መኪናውን አስነስታችሁ የባትሪውን ቮልት ለኩ፤ ከ13.5 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። ዘይትና ግራሶ ግን መስታወቱ የሚሄድበት ጎማ ላይ አይቀባም። ጎማውን ያሳብጣል፤ በበጋ ደግሞ የኛን ቀይ አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። ጎማውን በውሃና በሳሙና አጽዱት፤ ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃዋል። መሃል ላይ ቆሞ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱ የሚነሳ ከሆነም ሞተሩ ግሎ መከላከያው አቋርጦታል። እየተጫኑ ማስገደድ አይጠቅምም።

«በሩ ውስጥ ያለው ላስቲክ አያስፈልግም»

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በሩን የሚፈታ ሰው ከበሩ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈውን ቀጭን ላስቲክ ቀዶ ይጥለዋል። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው፤ በሩ የተሠራው እንዲያ ታስቦ ነው። ውሃው ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ ላስቲኩ ወደ ስዊቹና ወደ ወንበሩ እንዳይሻገር ያግደዋል። ላስቲኩ ከሌለ በጅማ ክረምት ምንጣፉ ይሻግታል፤ የስዊቹም ሶኬት ይዝጋል። ስለዚህ የበሩ ሽፋን ተመልሶ ሳይገጠም ላስቲኩ ቦታው መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ከተቀደደም ወፍራም ፕላስቲክ በልኩ ቆርጣችሁ አስለጥፉ። የታችኞቹንም ቀዳዳዎች በስንጥር ወጋ ወጋ አድርጉና የተጋገረውን ጭቃ አውጡ።