የሐይቅ ዓሣና የጅረት ዓሣ፦ የቅርጽ ደንቡ የሚገለበጠው ለምንድን ነው?

«ፈጣን ውሃ ቀጭን ዓሣ ይወልዳል» የሚለው ደንብ ግማሽ እውነት ነው። በወራጅ ውሃ ውስጥ ባለበት ለመቆየት የሚታገል ዓሣ ሰውነቱ ቀጭንና ሞላላ ከሆነ ውሃው ብዙም አይገፋውም፤ ጉልበቱንም ይቆጥባል። በረጋ ውሃ ደግሞ ከጀርባ እስከ ሆድ ሰፋ ያለ ሰውነት በጠባብ ቦታ ለመዞርና በድንገት ለመፈትለክ ያመቻል። በርካታ ዝርያዎች በዚህ ይሄዳሉ።

ግራ የሚያጋባው ባለ ሦስት እሾሁ ስቲክልባክ የተባለው ትንሽ ዓሣ ነው። በብዙ ቦታ ቀጭኑ የሐይቁ፣ ደልደል ያለው የጅረቱ ሆኖ ይገኛል! ዋናው ምክንያት ከፍሰቱ ይልቅ ምግቡ ነው። የሐይቁ ስቲክልባክ በገላጣው ውሃ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳትን ፍለጋ ረጅም ርቀት ይዋኛል፤ ቀጭንነት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) ውስጥ ያሉት ምግብ ማጣሪያ ዘንጎችም በዛ ያሉና ረዘም ያሉ ናቸው። የጅረቱ ግን የነፍሳት እጮችንና የመሳሰሉትን ከወለሉ ይለቅማል፤ በድንጋይና በዕፅዋት መካከል ስለሚውልም ከርቀት ይልቅ ቅልጥፍና ያስፈልገዋል።

ልዩነቱ ሁሉ ደግሞ በዘር የመጣ አይደለም። ከፊሉን ያደገበት ውሃና የበላው ምግብ ይቀርጹታል። ይህንን ለመለየት ተመራማሪዎች የሁለቱንም ጫጩቶች በአንድ ዓይነት ገንዳ ያሳድጋሉ፤ ያኔም ሳይጠፋ የሚቀረው ልዩነት በአብዛኛው የዘር ነው።