የጥርስ ሙሌት «ቦንድ» እና የወይን ዘር

ደብረ ብርሃን ጥርሳቸውን ያስሞሉ ጎረቤቴ «ማጣበቂያውን ተክል ያጠነክረዋል አሉ፤ የወይን ዘር ቀቅዬ ልጉመጥመጥበት?» አሉኝ። ኧረ ጋሼ፣ በፍጹም!

ነገሩ ወዲህ ነው። ሐኪሙ የተቦረቦረውን ጥርስ በአሲድ ሲያስነካው ዴንቲኑ (ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ሥር ያለው ክፍል) ላይ ኮላጅን የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ይገለጣሉ። ቦንዱ፣ ማለትም ማጣበቂያው፣ በክሮቹ መሃል ሰርጎ ይደርቃል። ሁሉንም ግን አያዳርስም። የቀሩትን ውሃና የጥርሱ የራሱ ኢንዛይሞች ቀስ በቀስ ይበሏቸዋል፤ ሙሌቱም ይላላል።

የመንዝን ለምድ አስቡት። ቆዳም ኮላጅን ነው። ጥሬው ይበሰብሳል፣ የለፋው ዓመታት ይቆያል። ቆዳ ከሚለፋባቸው ነገሮች አንዱ የዕፅዋት ታኒን ነው። ከወይን ዘር የሚወጣው ፕሮአንቶሲያኒዲንም የዚሁ ወገን ነው፤ ክሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራል፣ ኢንዛይሞቹንም ያዳክማል።

ችግሩ ቀለሙ ነው፤ ጥርስ ያጠቁራል። ሥራውም በአብዛኛው ገና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።