የቢሮ ስልክ ስዊች፦ ስለ ሜሞሪና ባክአፕ በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ አንዱ ሕንፃ ገብታችሁ የቢሮው ስልክ በምን እንደሚሠራ ብትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከደረጃ ሥር የተቀመጠ አንድ ሰርቨር ነው። ውስጡ ሊኑክስ (ማሽኑን የሚያስኬደው ሥርዓት)፣ አስተሪስክ (ጥሪ የሚያገናኘው ፕሮግራም) እና ማይኤስኪውኤል (የጥሪ መዝገቡ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ) አሉ። ስልኩ እስከሠራ ድረስ ማንም አያስታውሰውም። ሲያስቸግር ግን ሁሉም ሐኪም ነው።

«ሜሞሪው ሞልቷል፤ ሪስታርት አድርገው።» ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። ሊኑክስ ሥራ የፈታ ሜሞሪ አይወድም። ከዲስክ ያነበበውን እዚያው ያቆየዋል፤ ሌላ ፕሮግራም ሲፈልገው ይለቅለታል። ስለዚህ የሜሞሪውን ሁኔታ ስታዩ ማየት ያለባችሁ «ፍሪ» (ባዶ) የሚለውን ዓምድ ሳይሆን «አቬይለብል» (ሲፈለግ የሚገኝ) የሚለውን ነው። ዳታቤዙም የተፈቀደለትን እስኪይዝ ያድግና ይረጋል። ካልረጋ ነው ጉዱ። አስተሪስክና ዳታቤዙ የያዙትን ሜሞሪ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ጻፉት። በሳምንቱ ቁጥሩ ከቆመ ተዉት። እየወጣ ከሄደ እውነትም የሚያፈስ ነገር አለ። ዝም ብሎ ሪስታርት ማድረግ ማስረጃውን ያጠፋል፤ እያወሩ ያሉ ሰዎችንም ይቆርጣል።

«የድሮውን የጥሪ መዝገብ አጥፍቻለሁ፤ አሁን ዲስኩ ይቀለዋል።» አይቀለውም። ደብተር ላይ የተጻፈውን በላጲስ ብታጠፉት ደብተሩ አይሳሳም። ቦታው ለአዲስ ጥሪ ያገለግላል እንጂ ፋይሉ አያንስም። እንዲያንስ ሰንጠረዡ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሌላ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ዲስኩ ጢም ካለ በኋላ የሚደውልልኝ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ለነገሩ ዋናው በላተኛ መዝገቡ ሳይሆን የሚቀዳው ድምፅ ነው። ሳይጨመቅ የተቀዳ 1 ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይጠጋል። 20 ሠራተኞች በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ካወሩ፣ ማታ ከ2 ጊጋባይት በላይ ተጨምሯል።

«ፎልደሩን ኮፒ አድርጌያለሁ።» ዳታቤዙ እየጻፈ የተወሰደ ኮፒ ሲመለስ አልነሳም ሊል ይችላል። በማይኤስኪውኤል ደምፕ (የዳታቤዙን ይዘት ወደ ጽሑፍ ፋይል የሚገለብጥ ትእዛዝ) አውጡ፤ ሰንጠረዦቹ ኢኖዲቢ በሚባለው ዓይነት የተቀመጡ ከሆኑ፣ «--single-transaction» ሲጨመርበት ሥራ ሳይቆም ይወጣል። «አንዱ የሌላው ግልባጭ የሆነ ሁለት ዲስክ አለኝ» የሚልም አለ። ሁለቱም ስህተታችሁን እኩል ይጽፉታል።

«ባክአፑን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አድርጌዋለሁ።» ይሄ እንኳ የኛው ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። 8 ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ልክ ቢሮ ሲከፈት። መጻፍ ያለበት 2 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም ሰዓት) ከሆነ ደግሞ 23።

«ባክአፑ በየቀኑ ይወጣል፤ ፋይሉን አያለሁ።» እኔም አይ ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑ የተጻፈበት ፋይል በየማለዳው ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ የጥሪው ሰንጠረዥ ተበላሸ። ባክአፑን ስከፍት፣ 20 ባይት! የዳታቤዙ ፓስወርድ ከተቀየረ ከርሟል፤ ደምፑ መግባት ስላልቻለ፣ ጂዚፕ የሚባለው መጭመቂያ ፕሮግራም ባዶውን እየጨመቀ ሲያስቀምጥልኝ ኖሯል። አሁን በወር አንዴ የመጨረሻውን ባክአፕ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እመልሳለሁ። ከዚያ የትናንቱን የመጨረሻ ጥሪ እፈልጋለሁ። ካገኘሁት ቡናዬን እጠጣለሁ።