«ካሽ ከወሰድክ ግማሹን መንግሥት ይበላዋል» ለምትሉ

ሜሪላንድ ውስጥ ማደያ ሱቅ ነው የምሠራው፤ ሎቶ ማሽኑ ከጎኔ ነው። ፓወርቦል የሚባለው የአሜሪካ ሎተሪ ጃክፖት (ትልቁ ዕጣ) ከፍ ባለ ቁጥር ወገኖቼ ያቺኑ ያመጧታል፦ «ምን ዋጋ አለው፣ ባንዴ በካሽ ስጡኝ ካልክ ግማሹ ለታክስ ነው።» በጣም ሰልችቶኛል፤ ስህተት ነው።

ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ቁጥር ዛሬ እጅ ላይ ያለ ገንዘብ አይደለም። ለጃክፖቱ የተሰበሰበው ገንዘብ ቦንድ ተገዝቶበት፣ ወለድ እየወለደ፣ አንዱ ወዲያው ሌላው በየዓመቱ፣ በየጊዜው 5 በመቶ እየጨመረ 30 ጊዜ ሲከፈል የሚሆነው ድምር ነው። ካሽ ስትሉ የሚሰጣችሁ ዛሬ ያለው ነው። የቀረባችሁ ገና ያልተወለደ ወለድ ነው፤ ማንም አልነካባችሁም።

ካላመናችሁኝ እነዚህን አስተያዩ። በጃንዋሪ 2016 ጃክፖቱ 1.586 ቢሊዮን ዶላር ነበር፣ በካሽ 983.5 ሚሊዮን። በኖቬምበር 2022 ካሊፎርኒያ ላይ የወጣው 2.04 ቢሊዮን ነው፣ በካሽ ግን 997.6 ሚሊዮን። ማስታወቂያው በ450 ሚሊዮን ገደማ አደገ፣ ካሹ ግን በ14 ሚሊዮን ብቻ! በ2022 ወለድ ከፍ ብሎ ስለነበር ነው። ታክሱ ገና ነው። ፌደራል ከካሹ ላይ 24 በመቶ እዚያው ይቆርጣል፣ ዓመታዊ ታክስ ሲሠራ ደግሞ እስከ 37 ይደርሳል። በ30 ጊዜ ብትወስዱትም ከታክስ አታመልጡም፣ እያንዳንዱ ክፍያ ሲገባ ይቆረጥበታል። ካሊፎርኒያ በራሷ ሎተሪ ላይ የስቴት ታክስ የላትም፣ የኛዋ ሜሪላንድ ግን አላት።

«ሁለት ሰው ቢደርሰው ለሁለቱም ሙሉው ነው» የሚልም አለ። ጃክፖት ይካፈላል። የ2016ቱ ለካሊፎርኒያ፣ ለፍሎሪዳና ለቴነሲ ሦስት ቲኬቶች ነው የተከፈለው። ስለዚህ የልጆቻችሁን ልደት ብቻ አትሙሉ፤ እንደ ልደት ቀን እስከ 31 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ የሚሞላው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ዕድላችሁ ባይቀንስም ቢወጣላችሁ ተካፋዩ ሊበዛ ይችላል።

«ይሄ ቁጥር ከወጣ ቆይቷል፣ ዛሬ ይወጣል» ደግሞ ምንም መሠረት የለውም።

ፒክ 3 በሚባለው ባለ ሦስት አሃዝ ሎተሪ ላይ ግን አንጀቴን የሚበላኝ ነገር አለ። በየጠዋቱ የሚመጡ አንድ ጋሼ አሉ። አንድ ቀን ቁጥራቸው ቦታ ተቀያይሮ ወጣ፤ 80 ዶላር ስቆጥርላቸው «ልጄ፣ የቀረው 420 የት ገባ?» አሉኝ። ሰረቀችኝ ብለው ነው፣ ፊታቸው ላይ አየሁት። የተጫወቱት ቦክስ ነበር። በ1 ዶላር 500 የሚከፍለው ስትሬት ነው፣ ልክ በቅደም ተከተሉ ሲወጣ፤ ዕድሉም ከ1000 አንድ ነው። ሦስት የተለያዩ አሃዞች በስድስት መንገድ ይደረደራሉ፤ ቦክስ ስድስቱንም ስለሚይዝ ዕድሉ ስድስት እጥፍ ይሆናል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ገደማ ወርዶ 80 ይሆናል። ሁለት ተመሳሳይ አሃዝ ካለው የሚደረደርበት መንገድ ሦስት ብቻ ነው፣ ክፍያው 160።

እባካችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ቲኬቱ ላይ ስትሬት ይሁን ቦክስ አንብቡ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ እኛን ጠይቁን፣ አናሳፍራችሁም። ጀርባውንም እዚያው ፈርሙበት። ጋሼ አሁን ሳላነብላቸው ቲኬቱን ኪሳቸው አያስገቡም።