«ስንት ጥማድ አለህ?» እና ሌሎች የጎጃም ገበሬ ቃላት

ጎጃም ውስጥ ሄክታር የሚለው የግብርና ሠራተኛው ነው። ገበሬው ጥማድ ነው የሚለው። ጥማድ አብረው የሚጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው፤ እነሱ በአንድ ቀን አርሰው የሚጨርሱት መሬትም ጥማድ ይባላል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ግድም ይሆናል። ግድም ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ከቀይ አፈር እኩል አይታረስም፣ የከሳ በሬና የጠገበ በሬም እንደዚያው።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ከብጤው ጋር ይቀናጃል፣ ይህ መቀናጆ ነው። በሬም ጉልበትም የሌለው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ምርቱን ይካፈላል። ወንፈል በጉልበት መረዳዳት ነው፣ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ፤ ደቦ ግን ጠላ ይፈልጋል፣ ጠሪው ሳይደግስ አይሆንም።

መሬቱ መጀመሪያ ይገመሳል፣ ቀጥሎ አይማ አለ፣ ሦስተኛው ላይ ይሰለሳል። ጤፍ ደግሞ ቅንጡ ነው፣ አራት አምስቴ ካልታረሰለት አይሆንለትም። በቆሎው ከፍ ሲል በመሃሉ በማረሻ መሄድ ሽልሻሎ ነው። ሳይዘራ የከረመ መሬት «ጦም አደረ» ይባላል።

ከሁሉ የሚያጣላው ቃል ፈሰስ ነው። ጤፉ ከተዘራ በኋላ ገበሬው የክረምቱ ውኃ እንዳይተኛበት ማሳውን አግድም አድርጎ በማረሻ ይቀደዋል። ውኃው ይወጣል። ግን ወዴት? ወደ ታችኛው ጎረቤት ነዋ። ለሁለት ሦስት ክረምት በአንድ በኩል ከወረደ ፈሰሱ ቦረቦር ይሆንና ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይደርሳል።

የመሬት ይዞታ ቃላት ታሪክ አላቸው። ርስት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በእናትም በአባትም እየተቆጠረ የሚወረስ ነበር። በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ያመፀው ከግብሩ ይልቅ «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊሄድ ነው» ብሎ ሰግቶ ነው ማለት ይቻላል። የካቲት 25 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ርስትም ቀረ፣ ከገበሬው ግብር የመሰብሰብ መብት የነበረው ጉልትም ቀረ። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ደግሞ የሚገርም ቃል መጣ፤ ቢሮክራሲ። በቀድሞዎቹ መንግሥታት ሥልጣን ነበራቸው የተባሉ ገበሬዎች ናቸው እንዲህ የተባሉት፣ ከአራት ጥማድ በላይም አልተፈቀደላቸውም። ሞፈር ተሸክሞ የሚውል ሰው ቢሮክራሲ! ከዚያ ወዲህ የመጣው ደብተር ነው፣ የይዞታ ማረጋገጫው፤ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፍበታል።

አዊ በኩል ደግሞ አዲስ ቃል አለ፣ ዲከረንስ። ለከሰል የሚተከል ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ተቆርጦ ይከሰላል። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ጤፍ የነበረው ማሳ ብዙው ጫካ ሆነ፣ መንገዱ ዳርም በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ከሰል ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል።